የአባቴ የቅቤ ዕቁብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ ጉድ መስከረምን እንኳ አልጠበቀም፤ በነሐሴ፣ የሶዶ ጭቃ ጫማ ከእግር በሚያወልቅበት አንድ ቅዳሜ ነው የመጣው።

ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ከሐዋሳ ሶዶ መጥቼ ነበር። ስብሰባው እንደ ልማዱ ይንዛዛል ስል መብራት ጠፋና ረፋዱ ላይ ተበተነ። ደስ አለኝ። ለቤት ሳልደውል ድንገት ገብቼ እማዬን ላስደንግጣት ብዬ ስኳርና ሙዝ ገዛሁ፤ በባጃጅ እስከ በራችን ሄድኩ። ላስደነግጥ ሄጄ የደነገጥኩት እኔ ሆንኩ። የግቢው በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ያውም ከውጭ። እዚያ ቤት ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የእኛ በር በቀን ተቆልፎ አይቼ አላውቅም። እማዬ ገበያ ስትሄድ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ለጎረቤት "አደራ" ብላ ነው የምትሄደው።

አንኳኳሁ። ከውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ የሰማሁ መሰለኝ። ደግሜ አንኳኳሁ። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ብቅ አለችና እኔ መሆኔን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ።

"አባትሽ የሉም፤ ቅቤ ሄደዋል" አለችኝ።

"ምን ሄደዋል?"

"ቅቤ ነዋ! ቅዳሜ አይደል እንዴ ዛሬ?" አለችና የተቀረውን እኔው እንድደርስበት ትታኝ ገባች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጊፋታ የወላይታ ዓመት መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ለጊፋታ በሬው የወንድ ጉዳይ ነው። ወንዶች ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው ይገዛሉ፣ አርደው ይካፈላሉ። ቅቤው ደግሞ የሴት ነው። ሴቶች እርስ በርስ ዕቁብ ገብተው ከሳምንት ሳምንት ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ጊፋታ ሲደርስ ድርሻ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሙቿ የሚባለው የእንሰት ምግባችን በዚያ ቅቤ ካልራሰ ጊፋታ መጣ አይባልም። ሴት ስለ በሬው አትጠይቅም፤ ወንድ ስለ ቅቤው አይጠይቅም። የጠየቀ ወንድ ካለ ወይ ሚስቱን ንቋታል፣ ወይ ሆዳም ነው።

አባቴ ደግሞ እንዲያው ወንድ ብቻ አይደለም። ዕድሜውን በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት የጨረሰ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከረባቱን ሳያስር ከበር የማይወጣ ሰው ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ጨው ሲያንሰው እንኳ ቁጭ ባለበት "ኧኸም" ይላል፤ እማዬ ታመጣለች። ታዲያ "ቅቤ ሄደዋል" ሲባል ጎረቤታችን አእምሮዋ የተነካ ነው የመሰለኝ።

ዕቁቡ የሚሰበሰበው ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ባልቴት የቅቤው ዳኛ ናቸው። ሙዜን እንዳንጠለጠልኩ ጭቃውን እየዘለልኩ ሄድኩ። ሴቶቹ በረንዳው ላይ በርጩማ በርጩማቸው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ከመሃላቸው አባቴ አለ። ኮትና ከረባቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አንዱ ጉልበቱ ላይ፣ ቅቤውን ሌላው ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ዳኛዋ የእሱን ቅቤ ፈትተው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ጋሼ፣ የዛሬው ደግሞ ውሃ በዝቶበታል። ሻጯ ሞኝ አግኝታለች" አሉት።

"አሽትቼ እኮ ነው የገዛሁት" አለ አባቴ፣ ከልቡ።

"አሽትተው? ቅቤ ይጨመቃል እንጂ ይሸተታል እንዴ!" አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አባቴም ፈገግ አለ። ወይ ጉዴ! ትልልቆቹ ጎረምሶች ድምፁን ሲሰሙ የሚሸሹት ያ ዳይሬክተር፣ ሴቶች በቅቤ ሲቀልዱበት ፈገግ ይላል።

"በኢየሱስ ስም!" ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጥፋት ሠርተው ቢሮው የሚቀርቡ ተማሪዎች ፊት ነበር። እሱ ላይ ሳየው የማደርገው ጠፋኝ።

መንገድ ላይ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ እየተናደድኩ እከተላለሁ። "እማዬ የት ናት?" አልኩት።

"ቤት ናት።"

"በሩ ተቆልፏል እኮ!"

"አዎ። እኔ ነኝ የቆለፍኩት።"

ደሜ ፈላ። "ሰው ነው የምትቆልፈው? በግ ናት እንዴ? እሳት ቢነሳስ? ብትወድቅስ?" ሰው ይስማኝ አይስማኝ አላልኩም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

"ሰኔ ላይ ጠፍታብኝ ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ዝናቡ ይወርድባታል፣ ጫማም አላደረገች" አለኝ ሳይዞር። "ወዴት ነው ስላት ወደ ቤቴ አለች።" በዴሳ የተወለደችበት ነው። ያደገችበት ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ።

እማዬ ሶፋው ላይ ጽድት ብላ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ልብሷ ተተኩሷል። ስታየኝ እጆቿን ዘረጋች፤ "ልጄ መጣሽ! ልጄ መጣሽ!" እያለች አገላብጣ ሳመችኝ። ልቤ ተመለሰ። ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል፣ ደህና ናት እኮ አልኩ በሆዴ። ያኔ ጆሮዬ ሥር ተጠጋችና እንዲህ አለችኝ፦

"ይሄ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ግን ልጄ፣ በዘዴ ንገሪውና ወደ ቤቱ ይሂድ። መምህር ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ወንድ ቢያገኝ ምን ይላል?"

ክው አልኩ። መምህር ማለት አባቴ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። አባቴ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭቃ የያዘ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ሰምቷል። ቀና አለና "እሺ እመቤት፣ ልሂድ" ብሎ የፈታውን ጫማ መልሶ አሰረ። በጓሮ በር ወጣ። በመስኮት እንሰቱን ዞሮ ሲሄድ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ በፊት ለፊት በር፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ። "እንደምን ዋላችሁ!"

"መምህር መጣህ!" አለች እማዬ፤ ፊቷ በራ። "ልጅህ መጥታለች እኮ፤ ና ተቀመጥ።"

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ሁልጊዜ አይሠራም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ዛሬ ደህና ቀን ነው።"

ደህናው ቀን ይሄ ከሆነ ክፉው ምን ሊሆን ነው? አልጠየቅኩትም፤ ፈራሁ።

በስልክ እንዴት እንዳታለለኝ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። በየሳምንቱ እደውላለሁ። "እማዬስ?" ስለው "ጸሎት ላይ ናት"፣ "ጓሮ የቦይና ሥር ትነቅላለች"፣ "አሁን ገና ጋደም አለች" ይለኛል። አንዳንዴ ያገናኘኛል። "ደህና ነሽ ልጄ? ሰላም ነው?" ትለኛለች፤ እዚያው ላይ ያበቃል። አንድ ጊዜ "ልጆችሽ ደህና ናቸው?" አለችኝ። እኔ አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። የወንድሜን ልጆች ማለቷ ነው ብዬ አለፍኩት። ከእንዲህ ያለ ነገር በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል! ግን ሰው እናቱ ላይ ምልክት አይፈልግም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ሐዋሳ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር አንድ የፈረንጅ ፊልም አይቼ ነበር። ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስቲቱ ቀስ በቀስ ትረሳለች፣ ልጆቿ መጥተው ከባሏ ይወስዷታል። ስንሰቀሰቅ ነው ያየሁት። ከዚያ ዕንባዬን ጠረግኩና "እነዚህ ልጆች አንጀት የላቸውም! ደግነቱ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ጋ ሰው ያረጃል እንጂ አይረሳም" ብዬ ለሁሉም አወጅኩ። ምላሴን በቆረጠው! እኔ ያን ሳወራ አባቴ ሶዶ ላይ እንሰት እየዞረ ነው።

ከምሳ በኋላ ጓሮ ይዤው ወጣሁና አቦካዶው ሥር ቆመን ተጣላን። መጣላት ካልነው፤ የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ።

"ሐኪም አይቷታል?"

"አይቷታል። የአእምሮ መድከም ነው፣ መድኃኒቱም ያቆየዋል እንጂ አያድነውም አለኝ። ቤተ ክርስቲያንም ጸልየንላታል።"

"እኛስ? እኔና ወንድሜ የሞትን ነን? ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ ትወስዷታላችሁ።"

"አዎ እንወስዳታለን! ታዲያ እንዲህ ተቆልፋ ትኑር?"

አፌ አላርፍ አለኝ። "ቅቤውስ? እሺ ሌላውን ልተወው፤ አንተን ከቅቤ ጋር ምን አገናኘህ? ቅዳሜ ቅዳሜ እየቆለፍክባት ሴት መሃል የምትቀመጠው ለምንድን ነው? ቅቤ ከገበያ አይገዛም?"

ይሄኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገው። "እናትሽ እዚያ ዕቁብ ከገባች አንድ ቅዳሜ አጉድላ አታውቅም። አንቺን የወለደች ሳምንት እንኳ ልካለች። በዚያ ዕቁብ ድርሻዋ የሚቀር የሞተች ሴት ብቻ ናት። ጊፋታ ደርሶ ድርሻ የላትም ከተባለ ሞታለች ማለት ነው። አልሞተችማ! ቤት ውስጥ ናት!" አባቴን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም፣ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እየተሳደብኩ ነው ያለቀስኩት።

ማታ ለወንድሜ አዲስ አበባ ደወልኩለት። እሱም ደነገጠ፤ መጀመሪያ አላመነኝም፣ ከዚያ አባቴን ሰደበ፣ ከዚያ ራሱን። ሁለታችን ወሰንን። ጊፋታን አብረን እናክብርና በማግሥቱ እማዬ ከእኔ ጋር ሐዋሳ ትሂድ። ጥሩ ሐኪም አለ፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። የእኔ ቤት ጠባብ ነው፤ ለአባቴ የሚሆን ክፍል የለም። "እየመጣ ያያታል" አልን። ይቺን ቃል በጣም ደጋገምናት።

ለአባቴ ስነግረው ጎንበስ ብሎ ሰማኝ። "ጊፋታን ብቻ እዚህ ትዋል" አለ።

ከመሄዴ በፊት የቅቤው ዳኛ አስጠሩኝ። "ትወስጃታለሽ አሉ" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

"ምን ላድርግ እትዬ፤ ተቆልፋ እኮ ነው ያገኘኋት።"

"አባትሽ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እግሯን አሟት ነው የላከችኝ አሉን። ዝም ብለን ተቀበልናቸው። እኛ እኮ ከእሳቸው በፊት ነው ያወቅነው። አንድ ቅዳሜ ቅቤዋን አስረክባ ሄደች፤ ወዲያው ሌላ ቅቤ ይዛ ተመለሰች፣ ደግሞ ሰላም ብላን ተቀመጠች። ማን ይናገር? ሁለተኛውን ደብቀን መለስንላት።" ትንሽ አሰቡና "ዕቁቡን ወደ እናንተ ግቢ እናምጣው። እሷም ከእኛ ጋር ትቀመጥ፣ ቁልፉም ይቅር" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሳምንቱ ቅዳሜ ብቻ አይደለም" አልኳቸው። በጨዋ ደንብ አልተናገርኩም፤ ተነስቼ ሄድኩ።

የጊፋታ ዋዜማ ላይ ወንድሜም እኔም ገባን። ከሐዋሳ የመጣሁበትን የኮንትራት መኪና ሾፌር ሰኞ ጠዋት እማዬን እንዲወስድልን ቀጠርኩት። የእማዬን ልብስ ቀስ አድርጌ በሻንጣ ከትቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት፤ አባቴ አየ፣ እንዳላየ ሆነ። ከተማው በጊፋታ አብዷል፤ በየመንገዱ "ዮዮ ጊፋታ" የሚል የበዓል ዘፈን ነው። የእኛ ቤት ግን ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

እማዬ ከሰዓት በኋላ ሳንነግራት ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። እኛ ተከተልናት፤ እሳቱን ፈርተን። ግን እጆቿ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ቆጮውን አበሰለች፣ በትልቁ ገበታ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ትፈረፍረው ጀመር። ወንድሜ በዓይኑ "አየሻት?" አለኝ። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ባየኋት ቁጥር በሌላ ነገር ነው የምታስደነግጠኝ። ሙቿውን እየፈረፈረች በወላይትኛ የድሮ ዘፈን ታንጎራጉራለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና "ቅቤው!" አለች።

አባቴ የእሷን የዕቁብ ድርሻ ተካፍሎ መምጣቱ ነበር። ቅቤውን በማሰሮ ይዞ በወጥ ቤቱ በር ገባ። በሕይወቴ እዚያ ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው። ማሰሮውን አስቀመጠ፣ የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቦ በማንኪያ ሊያወጣላት ጀመረ። እማዬ አየችው። ዓይኗ ፈጠጠ።

"አንቱ!" አለችው። "ምን ዓይነት ጉድ ነው? ወንድ ልጅ ቅቤ ውስጥ እጁን ይከታል? ሚስት የለዎትም?"

እኔና ወንድሜ ደርቀን ቀረን። አባቴ በጓሮ ወጥቶ ዞሮ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣም። ማንኪያውን እንደያዘ "አለችኝ" አላት።

"ታዲያ የት ሄዳ ነው እርስዎ ቅቤ የሚሸከሙት? ጊፋታ ደርሶ!"

"ታማብኛለች።"

ቁጣዋ ከፊቷ ጠፋ። "ውይ! ምኗን?"

"ትረሳለች" አለ አባቴ። "ዕቃ ትረሳለች፣ መንገድ ትረሳለች። አሁን አሁን እኔንም ትረሳኛለች።"

"እርስዎን? ባሏን?" አለች እማዬ፤ የፈረፈረችበትን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ውይ የእኔ እናት! ልጆች የሏችሁም?"

"አሉን። ለጊፋታ መጥተዋል። ሰኞ ይወስዷታል።"

"ወዴት?"

"ወደ ከተማቸው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ እዚሁ እቀራለሁ።"

ወንድሜ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ይስማ ብዬ ነው፤ ለብቻዬ መስማት ስላቃተኝም ነው። አባቴ እኛ አጠገቡ እያለን "ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ለእሷው ብለው ነው" አላት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"መች ክፉ ናቸው አልኩ" አለች እማዬ። "ግን ጋሼ፣ ሰው ረሳች አሉኝ፤ አሁን ደግሞ ከቤቷ ካወጧት ምኗ ይቀራል? እዚያ ማንን ታውቃለች? አይስጡ። እንቢ ይበሉ።"

"እኔም አርጅቻለሁ" አለ አባቴ። "ያቃተኝ ቀንስ?"

"ሲያቅትዎ ይጣሩ!" አለችው፣ በዚያች የድሮ ቁጣዋ። "ጎረቤት የለዎትም? ሰው የለም? እኔ አለሁ አይደል እንዴ!"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ማንኪያውን ከእጁ ተቀበለችው፤ ቅቤውን ሙቿው ላይ አፈሰሰች፣ አሸች። ከዚያ የእንሰት ቅጠል እሳቱ ላይ አለስልሳ፣ ከሁሉ የራሰውን መርጣ በደንብ ጠቀለለችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

"ሳይበርድ ያድርሱላት። ጎረቤትሽ ላከችልሽ ይበሏት።"

አባቴም በሁለት እጁ ተቀበለ። "እሺ እመቤት" ብሎ በጓሮ በር ወጣ።

ተከተልኩት። እንሰቶቹ መሃል፣ ከቤቱ በማይታይበት ቦታ፣ ቆሞ ይበላል። ቅጠሉን መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቱ እየቆረሰ፣ አንዲትም ሳያስቀር። ቅቤው በከረባቱ ላይ ይንጠባጠባል። እያለቀሰ ነበር፤ ዕንባውን እንኳ አይጠርግም።

"አባዬ" አልኩት።

"ባዶውን ቅጠል ካላየች አትተኛም" አለኝ። "የላከችው ተርፎ ሲመለስ አትወድም።" ከዚያ የቀረችውን ጉርሻ ወደ እኔ ዘረጋ፤ ሐሳቡን ለወጠና ራሱ በላት። "የእሷ ነው" አለ።

ተመልሰን ስንገባ እማዬ በሩን በሩን እያየች ነበር። "በላች?" አለችው።

"ጥርግ አድርጋ" አለ አባቴ፤ ባዶውን ቅጠል አሳያት።

"ምን አለች?"

ቅጠሉን አጠፈው። "እጅሽ አይንጠፍ አለችሽ።"

እማዬ እፎይ ብላ ሳቀች። ወደ እኔ ዞር አለችና "አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ወጣት ነው፤ ነገ ሄደሽ ጠይቂያት። የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ ይተዋል እንዴ?" አለችኝ። ማንነቴን አላወቀችም። "እሺ" አልኳት፤ ወጥቼ የውሃው በርሜል ጋ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁ። ወንድሜ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ያን "እየመጣ ያያታል" ያልነውን ቃል አልደገምነውም።

በጊፋታ ቀን ሰው ሁሉ ሲጠያየቅ እኔ ወደ ቅቤው ዳኛ ሄድኩ። ያን ቀን በጨዋ ደንብ አልተናገርኩምና ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ዕቁቡ ወደ እኛ ግቢ ይምጣ ያሉት ነገር…" ስላቸው አላስጨረሱኝም።

"ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ" አሉ። "ለሌሎቹም ቀናት ተነጋግረናል፤ አንዳችን አንዳችን ጎራ እንላለን። አንቺ ቁልፉን ብቻ ይዘሽልን ሂጂ።" የሚያግዝ ሰው ወንድሜ ሊቀጥር፣ እኔም የዓመት ፈቃዴን እዚሁ ላሳልፍ ተስማማን። ማታ ሻንጣውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ልብሷን ወደ ቁም ሳጥኗ መለስኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ "ያቺን ሰማያዊ ሹራብ ከላይ አድርጊያት፤ ጠዋት ጠዋት እሷን ነው የምትፈልገው" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ በቀጠሮው መጥቶ ጡሩንባውን ነፋ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወጣሁ።

"ተሳፋሪዋ የታለች?" አለኝ።

"አትሄድም" አልኩት። "ቤቷ ናት።"